ቫዝሊን የቀባሁት ከበሮ

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ደርሼ አተረፍኩት። ትንሽ ብቆይ ኖሮ ይሰነጠቅ ነበር እኮ። መወልወያ ጨርቅ ልፈልግ የአዳራሹ ዕቃ ቤት በሩን ክፍት አግኝቼው ስገባ ማን እንደሆነ እንጃ ከበሮዎቹን ከማሞቂያው ጋር አጣብቋቸው ሄዷል፣ ልብሳቸውም ተገፏል። ትንሹን ብነካው እንደ ብረት ግሏል። ቆዳ እንዲህ ሲግል ምን እንደሚሆን አውቃለሁ። ለሰው አልናገርም እንጂ አውቃለሁ።

መሃሉ ላይ ደግሞ ክብ ጥቁር ነገር አለ። ሻጋታ ነው። እንዲህ ያለ ሻጋታ ቶሎ ካላነሱት ቆዳውን በልቶ ይጨርሰዋል። ጨርቅ ለብ ባለ ውሃ ነከርኩ፣ ጨመቅኩ፣ ደግሜ ጨመቅኩ፣ ቀስ እያልኩ አሸሁት። አልለቅም አለ። ትንሽ ጥቁር ብቻ ወጣ። ከቦርሳዬ ቫዝሊን አወጣሁና ዳሩንም መሃሉንም ቀባሁት፣ በአውራ ጣቴ እያሸሁ፣ እስኪጠጣ ድረስ። ወዝ አገኘ። ትልቁን ልጀምር ስል በስ እንዳያመልጠኝ ተውኩት፣ ከማሞቂያው ብቻ አራቅኩትና ልብሱን አለበስኩት።

ከበሮዎቹ የሕንዱ ሽማግሌ የሚስተር ጆሺ ናቸው። ቅዳሜ ከሰዓት ኮንሰርት አለ፣ የሕንድና የቻይና ሙዚቃ አንድ ላይ። በሩ ላይ ፖስተር ተለጥፏል። ሚስስ ሊን የምትባል ቻይና ማሲንቆ የሚመስል ነገር ትጫወታለች፣ ክሩ ሁለት ነው፣ ኤርሁ ይሉታል። ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲለማመዱ እኔ ወለል እየወለወልኩ እሰማለሁ። ሲጣሉም እሰማለሁ። እሷ ዜማውን ሁሉ በቁጥር ጽፋ ትመጣለች፣ ሦስት አምስት ስድስት አንድ እያለች። እሳቸው ወረቀቱን ሳያዩ ገፋ ያደርጉና በአፋቸው ዳ ዲን ዲን ዳ ይላሉ። እሷ ስትቆጥር እሳቸው በአፍ ሲያወሩ ቆይተው አንድ ቦታ ላይ ይገናኛሉ። እንዴት እንደሚገናኙ አይገባኝም። ሲገናኙ ግን መወልወያዬን አቆማለሁ።

ሚስስ ሊን ሁልጊዜ ብርቱካን ልጣ ግማሹን ለኔ ትሰጠኛለች። እንግሊዝኛዋ ከኔ ብዙም አይሻልም። እንስቃለን በቃ።

ቤት ስገባ እትዬ አሰለፈች ምስር ሠርተው ጠበቁኝ፣ አንድ ትሪ ላይ በላን። አፓርትመንቱ በሳቸው ስም ነው፣ ሴንት ጄምስ ታውን፣ አሥራ አራተኛ ፎቅ። ሆቴል ላውንደሪ ይሠራሉ። እዚህ አገር አሥራ ሁለት ዓመታቸው ነው። የኔ ወረቀት ገና ነው፣ ሂሪንጌ፣ የጥገኝነት ጉዳዬ የሚሰማበት፣ ከፈረንጅ ገና በኋላ ነው። እሳቸው ባይኖሩ የት እገባ ነበር።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን በየቀኑ ጻፉ ብላለች፣ በፈለጋችሁት ቋንቋ። እስከ አራተኛ ነው የተማርኩት፣ ፊደሌ ይጣመማል፣ ይኸው ግን እጽፋለሁ። ዛሬ አንድ ጥሩ ነገር ሠራሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 26

ሻጋታ አልነበረም።

ወይኔ አምላኬ ሻጋታ አልነበረም።

ሚስተር ጆሺ ምንጣፋቸው ላይ ቁጭ አሉ፣ ትንሿን መዶሻ አወጡ፣ ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት የከበሮውን ዳር ቸብ ቸብ አደረጉ። ከዚያ መቱት። ካርቶን እንደመምታት ሆነ። ደግመው መቱት። ጣታቸውን ገልብጠው አዩት፣ ጥቁር ሆኗል። ያ ጥቁር ነገር እንደ ደረቀ ጭቃ ተልጦ ጣታቸው ላይ ቀርቷል። ሚስታቸው ባለ አራት ክሩን ረጅም መሣሪያ ይዘው ነበር፣ ያንን ዝም ብሎ የሚያንጎራጉረውን፣ ከእጃቸው ሊወድቅ ነበር፣ አፋቸውን ያዙ።

ጥቁሩ እኮ ሆን ተብሎ የተሠራ ነው። የብረት ዱቄት በሊጥ ተለውሶ፣ ስስ ስስ ሆኖ እየተደራረበ። ድምፁ የሚወጣው ከሱ ነው። ይህን ሁሉ ለዳግ ሲነግሩት ሰማሁ። ዳግ የአዳራሹ ሱፐርቫይዘር ነው። ሰላሳ ዓመት የያዙት ከበሮ ነው አሉ። ጄራርድ ጎዳና ሕንድ ሱቅ የሚሸጠው ከበሮ የልጆች መማሪያ ነው፣ ድምፁ ከሚስስ ሊን ክር ጋር አይገጥምም አሉ። ከዚያ ጎንበስ ብለው አሸተቱት፣ ቅባት ነው አሉ።

ዳግ ማን ነካው አለ። እኔን አየኝና ወዲያው ተወኝ፣ ዕቃ ቤቱን የማጸዳው አርብ ስለሆነ። ጨርቅ ፍለጋ መግባቴን ማንም አያውቅም። እንዲያው ለነገሩ ሲጠይቀኝ ኖ ኢንግሊሽ አልኩ፣ ባልዲዬን አንስቼ ሄድኩ። ይገባኛል እኮ። አንድ አልቀረኝም።

እንዴት ልናገር። ብናገር ከሥራ ያስወጡኛል። ፖሊስ ይጠራሉ፣ ስሜ ይጻፋል፣ ሂሪንግ ላይ ይነበባል። አንዷ ልጅ ነግራኛለች፣ ትንሽ ነገር እንኳን ስምሽ ላይ ካለ በቃሽ ብላኛለች።

ይሄ ሁሉ ይሁን። ከዚህ የሚብሰው ሌላ ነው። ማጽዳቱስ ይሁን ቅባቱን ለምን ቀባሽ ይሉኛል። ቆዳ ስለማውቅ እላለሁ። ቆዳ ከየት አወቅሽ ይላሉ። ከአባቴ እላለሁ። አባትሽ ምንድን ነው ይላሉ።

ፋቂ ነበር።

ይኸው ጻፍኩት። ከሞጣ ከወጣሁ ጀምሮ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ቤታችን ከወንዙ ማዶ ነበር፣ ሽታው እንዳይደርሳቸው። ቆዳውን ይገዙናል፣ ውሃችንን ግን አይጠጡም። ስናልፍ ሴቶቹ ልጆቻቸውን በነጠላ ይሸፍኑ ነበር፣ ቡዳ ናቸው እያሉ። አባቴ ነፍሱን ይማረውና እጁ ለስላሳ ነበር፣ ቅባት ስለማይለየው።

ለእትዬ አሰለፈች አባቴ ገበሬ ነበር ብያለሁ። ሁለት ዓመት ሙሉ ከእጄ በልተዋል። ዛሬ ብይ ሲሉኝ አሞኛል አልኩ።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 27

ዛሬ መድኃኔዓለም ነው። በጠዋት ተነስቼ ለመንኩት። ከበሮው በራሱ እንዲድን ለመንኩት፣ እንደ ልጅ።

ጭራሽ ባሰ።

ሚስተር ጆሺ የጠረጠሩት ሚስስ ሊንን ነው። የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ያለው ዳግና እሷ ጋ ብቻ ነው። ደግሞ ባለፈው ሳምንት ከበሮህ ድምፄን ይበላዋል፣ ቀስ በል ብላቸው ነበር። ደግሞ ጣቷ በክሩ ስለሚቆሳሰል የምትቀባው ቅባት አላት። ሁሉም ነገር እሷ ላይ ገጠመ። አልጮሁም እሳቸው። ቀስ ብለው ነው ያሏት፣ ዝም በል ብትዪኝ ይሻል ነበር አሏት። እሷ ወረቀቷን መሰብሰብ ጀመረች።

ባልዲዬን ይዤ ደረጃው ላይ አገኘኋት። ክሮቹን አላልታ ኤርሁዋን ሳጥን ውስጥ እያስገባች ነው። ድምፅ ማውጫዋ ላይ የተወጠረው የእባብ ቆዳ ነው፣ ቅርፊቱ ይታያል፣ ሁልጊዜ ሳየው ማን እንዳለፋው አስባለሁ። ቅዳሜ ኮንሰርት የለም አለችኝ። ፊኒሽ አለችኝ። ከዚያ ከቦርሳዋ ብርቱካን አወጣች፣ ላጠች፣ ግማሹን ሰጠችኝ። እንደ ሁልጊዜው።

ኪሴ ውስጥ ከተትኩት። አሁንም ኪሴ ውስጥ አለ።

እትዬ አሰለፈች ከሥራ ሲመለሱ ጫማቸውን ሳያወልቁ ጀመርኩ። እትዬ፣ ነገ ጠዋት ሥራ ቦታዬ ይምጡልኝ፣ በእንግሊዝኛ አንድ ነገር ይናገሩልኝ አልኩ።

«ምን ሰረቅሽ?»

«ኧረ አልሰረቅኩም።»

«አረገዝሽ?»

«ኧረ እትዬ፣ ከበሮ ነው።»

«ከበሮ አረገዝሽ?»

ሳቄም እንባዬም አንድ ላይ መጣ። ግማሹን ነገርኳቸው፣ ውሃውን፣ ቫዝሊኑን፣ የሚስስ ሊንን ነገር። ከበሮ ቫዝሊን ምን ያደርግለታል፣ አመድ የመሰለ እግርሽን አትቀቢበትም ነበር አሉኝ። ከዚያ ጫማቸውን አወለቁና፣ ይቅርታ ልንጠይቅ ነው የምንሄደው፣ ልንሰቀል አይደለም አሉኝ። ማልደው እንደሚመጡ ነገሩኝ።

ሌላውን ግማሽ አልነገርኳቸውም። አንናገረውም ይሆናል። ሳላውቅ ቀባሁት እላለሁ፣ ያልፋል።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 28

አላለፈም። ወጣ።

በቅደም ተከተል ልጻፈው።

እትዬ አሰለፈች የቤተ ክርስቲያን ካፖርታቸውን ለብሰው መጡ። ሚስተር ጆሺና ሚስታቸው ዕቃቸውን ሊወስዱ መጥተው ነበር፣ ዳግ ራሱም እዚያው ነበር፣ ሚስስ ሊን የረሳችውን ወረቀት ልትወስድ መጥታ በሩ ጋ ቆማለች። እትዬ ነገሯቸው። ይህች ልጅ ናት፣ ቆሻሻ መስሏት አጽድታው ነው፣ ይቅርታ ትላለች አሉ። ዳግ ዓይኑን ጨፈነ። ሚስተር ጆሺ ግን ማጽዳቱ ይገባኛል፣ ቅባቱን ለምን አሉ። ይህን ሲሉ የሚያዩት እኔን አይደለም፣ ሚስስ ሊንን ነው። ምናልባት ሰው አዟት ይሆናል አሉ።

እትዬ ወደኔ ዞሩ። «ለምን ቀባሽው? ሰው አዞሽ ነው ወይ? ይላሉ።»

ሳላውቅ ነው ብል አያምኑኝም። ሚስስ ሊን ወረቀቷን ደረቷ ላይ ይዛ ቆማለች። በቃ ተናገርኩ፣ ወለሉን እያየሁ።

«አባቴ ፋቂ ነበር። የደረቀ ቆዳ ቅባት እንደሚፈልግ ያስተማረኝ እሱ ነው። ከሱ በቀር ማንም አላዘዘኝም በሉልኝ።»

እትዬ አሰለፈች የካፖርታቸውን ቁልፍ ቆለፉ። እንደማይተረጉሙት መሰለኝ። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተረጎሙት፣ ፋዘሯ ሌዘር ይሠራ ነበር እያሉ፣ እኔን ሳያዩኝ።

ሚስተር ጆሺ ከበሮውን ወለሉ ላይ አስቀመጡ። ሚስስ ሊን ጋ ሄደው ጎንበስ አሉ፣ እጃቸውን አገጣጥመው። ያሏትን አልሰማሁም። እሷ ራሷን ነቀነቀች፣ ወረቀቷን ግን አልለቀቀችም። ዳግ እኔን ሌላ ጊዜ ጠይቂ አለኝ። ሌላ ጊዜ አለኝ ማለት ነው። ስሜን አልጻፈም፣ እስክሪብቶም አልያዘም።

ዌስተን የሚባል ሰፈር አንድ ሰው አለ አሉ ሚስተር ጆሺ። ራም ይባላል፣ ጎማ ፋብሪካ ነው የሚሠራው፣ አባቱና አያቱ ግን ከበሮ ሠሪ ነበሩ። እሱ ካላዳነው የሚያድነው የለም። አሥር ዓመት አንድ ከተማ ውስጥ ኖረው ቤቱ ሄደው አያውቁም። እትዬ ያው ናቸው፣ ለምን አሏቸው። ሚስተር ጆሺ ቆዳ ስለሚነኩ ሰዎች፣ በአገራቸው ስላለው ነገር ትንሽ ተናገሩ፣ እየቆራረጡ። እትዬ ይሄን አልተረጎሙልኝም። መተርጎምም አያስፈልገኝም ነበር።

በሚስተር ጆሺ መኪና ሦስታችን ሄድን። ራም ከእንቅልፉ ገና መነሳቱ ነው፣ ፀጉሩ ቆሟል፣ በሩን ከፍቶ ሚስተር ጆሺን ሲያይ የሚያደርገው ጠፋው። ግቡ፣ ወንበሩን አንሱ፣ አንቺ ልጅ ቲቪውን ዝጊ ይላል። ሚስቱ ሻይ አመጣች። ሚስተር ጆሺ ኩባያውን ያዙት። ያዙት ብቻ። እኔ ኩባያውን አያለሁ። ራም ከበሮውን የሚያይ መስሎ ኩባያውን ያያል። እትዬ አሰለፈችም ኩባያውን ያያሉ። ሚስተር ጆሺ ጠጡት። እስከ ሥሩ ጠጡትና ድገሚኝ አሉ።

ከዚያ ራም ከበሮውን አሸተተና ሳቀ። ፀጉር መስሎት የቀባው ማነው አለ። እጄን አወጣሁ። አዲስ ቆዳ ከሕንድ ለማስመጣት ወር ይፈልጋል አለ። ይሄንኑ ለመጠገን ደግሞ ቅባቱ ቆዳው ውስጥ ካለ ጥቁሩ አይይዝም፣ ቅባቱን ማውጣት አልችልም አለ።

እኔ እችላለሁ። አባቴ ደረቅ ዱቄት ያለብሰው ነበር፣ ሙቀት ሳይበዛበት፣ ዱቄቱ ቅባቱን ጠጥቶ ይወጣል። ለእትዬ ነገርኳቸው፣ እሳቸው ነገሩልኝ። የራም ሚስት የሽምብራ ዱቄት አመጣች፣ የሚጠብሱበትን። አለበስኩት፣ ጠበቅን፣ በብሩሽ አራገፍኩት፣ እንደገና አለበስኩት። መጀመሪያ የወጣው ዱቄት እንደ ሊጥ ተጣብቆ ነበር። ሰባት ጊዜ ደጋገምኩት። በሰባተኛው እንደገባ ደረቅ ወጣ። ራም አፍንጫውን ቆዳው ላይ አድርጎ ቆየ። ከዚያ ለሚስተር ጆሺ የሆነ ነገር አላቸው፣ እሳቸው ለእትዬ፣ እትዬ ለኔ።

«አባትሽ ባለሙያ ነበር ይላል።»

ይህችን ብቻ ነው ያሉኝ። መኪና ውስጥ ቃል አልወጣቸውም። ቤት ስንደርስ ራሴን ፈለጠኝ ብለው ክፍላቸው ገቡ። ራት አልበላንም።

አርብ፣ ጥቅምት 29

ጠዋት ስነሳ እትዬ ወጥተዋል። ጠረጴዛው ላይ ምግብ አስቀምጠውልኛል፣ በሳህን፣ ብቻውን፣ በፎይል ተሸፍኖ። ትሪው መደርደሪያው ላይ ነው።

ስለቸኮሉ ነው አልኩ። ጠዋት አብረን አንበላም እኮ አልኩ። ግን በሳህን ሰጥተውኝ አያውቁም። ቆሜ ሁለት ጉርሻ በላሁ፣ ሳህኑን አጠብኩት፣ ደግሜ አጠብኩት።

ዳግ ፈቀደልኝ፣ ሥራዬን በጠዋት ጨርሼ ዌስተን ሄድኩ። ብቻዬን፣ ከሸርቦርን በሰብዌይ ባቡር እስከ ኪል፣ ከዚያ በበስ። አልጠፋሁም። ይሄም ራሱ አንድ ነገር ነው።

ራም ከአገሩ ሲመጣ ያመጣት ጥቁር ዱቄት አለችው፣ በጨርቅ ተቋጥራ፣ አሥር ዓመት ፈትቷት አያውቅም። ዛሬ ፈታት። በሊጥ ለወሳትና በአውራ ጣቱ ቀባ፣ ከጥፍር የሳሳ። ከዚያ ድንጋይ አለው፣ የእንቁላል ያህል፣ ልሙጥ። በሱ ያሹታል፣ ያሹታል፣ ያሹታል፣ እስኪሞቅ። ሲደርቅ መሰንጠቅ አለበት። ዓይን የማያየው ስንጥቅ በስንጥቅ። እኔ ሲሰነጠቅ ደንግጬ እጄን አነሳሁ፣ ራም ሳቀ፣ ካልተሰነጠቀ አይጮህም አለኝ፣ በእጁም በእንግሊዝኛም። አንድ እሱ ቀባ፣ እኔ አሸሁ። አንድ እሱ ቀባ፣ እኔ አሸሁ። በየመሃሉ ጆሮውን አስጠግቶ በጣቱ ነካ ያደርገዋል። ካርቶን። ካርቶን። ካርቶን። ጣቶቼ ቆሰሉ።

አሥራ አንደኛው ይሁን አሥራ ሁለተኛው ላይ ነካ አደረገው። ከበሮው ተናገረ። ድምፁ ቀጠን ብሎ ቆየ፣ ቤቱ ውስጥ ዞረ። ራም ዓይኑን ጨፈነ፣ እኔ ድንጋዩን ይዤ ቀረሁ።

የራም ሚስት ምሳ አቀረበች። ሩዝና ምስር፣ አንድ ሳህን ላይ፣ ለሷና ለኔ። ቁጭ አለችና በእጇ ጀመረች፣ ብይ አለችኝ። በላሁ። እንባዬ ወረደ፣ በርበሬው የበዛብኝ መስሏት እርጎ አመጣችልኝ።

ሚስስ ሊን እሺ ብላ ኮንሰርቱ ሊደረግ ነው፣ ነገ ይመጣሉ ወይ ብዬ ለእትዬ ወረቀት ጽፌ ጠረጴዛ ላይ ተውኩ። ማታ ሲመጡ በሩ ላይ ሆነው ሺፍት አለኝ አሉኝ። ደህና ነው አልኩ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 30

ወንበር አልበቃም። ሐር የለበሱ ሕንዶች፣ ካፖርታቸውን አላወልቅም ያሉ የቻይና ሽማግሌዎች፣ ወደ ዳንፎርዝ ገበያ ሲሄዱ ፖስተሩን አይተው የገቡ ፈረንጆች። እኔ ከኋላ የመወልወያ ቁም ሣጥኑ ጋ ተቀመጥኩ፣ ቢያስፈልግ ቶሎ እንድነሳ። ራምና ሚስቱ መጡ። ሚስተር ጆሺ ከመጀመሪያው ረድፍ ቦታ ይዘውለት ነበር፣ እጁን ይዘው ወስደው አስቀመጡት። ራም ወንበሩ የሚሰበር ይመስል ጫፉ ላይ ነው የተቀመጠው።

መጀመሪያ ያ ባለ አራት ክሩ ማንጎራጎር ጀመረ፣ ሚስታቸው ዓይናቸውን ጨፍነው። ማንጎራጎር ብቻ፣ ምንም አይልም፣ ግን ሰው ሁሉ ወደ መድረኩ ዞረ። ከዚያ ሚስስ ሊን ገባች። እንዴት ብዬ ልጻፈው። ሰው ከሩቅ ስሙን ሲጠሩት እንደሚዞረው ነው። አንድ ክር እየጎተተች ከላይ ወደ ታች ስታወርደው ሳላውቀው አብሬ ጎንበስ አልኩ። ቆይታ ቆይታ እሷ በክሯ አንድ ነገር ስትጠይቅ ሚስተር ጆሺ ጣታቸውን አነሱ።

ድንጋዩ አሁንም እጄ ላይ ያለ መሰለኝ።

ነካ አደረጉት፣ መለሰላት። ድምፁ እንደ ድሮው አይደለም፣ ሻከር ይላል፣ አውቀዋለሁ፣ ሦስት ሳምንት ሰምቼዋለሁ። ግን መለሰላት። እሷ ደግማ ጠየቀች፣ ደግሞ መለሰላት። ከዚያ ማን እንደሚጠይቅ ማን እንደሚመልስ ጠፋ። ሚስተር ጆሺ ፊት ለፊት ወረቀት አለ፣ የሚስስ ሊን ቁጥር፣ ማስቀመጫ ላይ አቁመውታል። ማንበብ እንደማይችሉ አውቃለሁ። የተገለበጠም መሰለኝ። እሷ ስታየው ፈገግ አለችና ደጋኗ ትንሽ ተንሸራተተ፣ እሳቸው የተንሸራተተውን ተከትለው መቱት፣ ሰዉ እንደዚያው የተጻፈ መስሎት አጨበጨበ።

በዚህ መሃል አንድ ሰው አጠገቤ ቁጭ አለ። የሳሙና ሽታ። ዞር ስል እትዬ አሰለፈች፣ የላውንደሪ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ፣ ከላይ ካፖርት። ሺፍት ቀየርኩ አሉኝ፣ መድረኩን እያዩ። ሌላ አላሉም። ወንበሬን ፈቀቅ አድርጌ ልርቅላቸው ስል ምን ያቁነጠንጥሻል አሉ።

እረፍት ላይ ሚስስ ጆሺ የሠሩትን ሳምቡሳ አዞሩ። አንድ አነሳሁ፣ ነከስኩት፣ የቀረውን በሶፍት ልጠቀልለው ስል እትዬ እጃቸውን ሰደዱና ከእጄ ወሰዱት። የነከስኩትን። በነከስኩበት በኩል ጎረሱት፣ አላመጡት፣ ዋጡት። እኔ አፋቸውን አያለሁ።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

ሁለተኛውን ክፍል ብዙም አልሰማሁትም። እንባዬን ላለማሳየት ጣራውን ሳይ ቆየሁ።

ሲያልቅ ሰው ቆሞ አጨበጨበ። ሚስተር ጆሺ ትንሹን ከበሮ ታቅፈው መጡና ለእትዬ ነገሯቸው፣ እትዬ ለኔ። ትንሽ ጉንፋን ይዞታል፣ ግን ዘፈነ ብለዋል። ሚስስ ሊን አንድ ሙሉ ብርቱካን ሰጠችኝ። ሳይላጥ። እኔ ላጥኩና ግማሹን ሰጠኋት።

እሁድ፣ ኅዳር 1

ዛሬ ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄድን። በስ ውስጥ እትዬ ስለ ከበሮው አወሩ፣ ስለ ሕንዶቹ ሻይ አወሩ፣ ስኳር እንደሚያበዙ። ስለ ሐሙስ ምንም አላሉም፣ ስለ ሳህኑም። እኔም አልጠየቅኩም። ምን ብዬ ልጠይቅ።

ከቅዳሴ በኋላ ጽፈው የሚሰጡበት ወረቀት አለ፣ የሞቱ ሰዎች ስም የሚጻፍበት፣ ካህኑ ለጸሎት የሚያነሷቸው። እትዬ የእናታቸውን ጻፉ፣ የባላቸውን ጻፉ፣ የወንድማቸውን ጻፉ። ከዚያ እስክሪብቶውን ሳያነሱ ቆዩና፣

«የአባትሽ የክርስትና ስማቸው ማነው?» አሉኝ።

ፈንቴ ነው ስሙ። የክርስትና ስሙን ግን አላውቀውም። ቤታችን ማንም በክርስትና ስም አይጠራራም ነበር፣ ሲቀበርም ሩቅ ነበርኩ። አላውቀውም እትዬ አልኩ፣ አፍሬ። ፈንቴ ብለው ጻፉት፣ ከወንድማቸው ሥር። ለጊዜው በዚህ ይሁን፣ አምላክ ያውቃቸዋል፣ አንቺ ግን ጠይቂና አምጪ አሉኝ።

ቤት ስንመለስ ትሪውን ከመደርደሪያው ያወረድኩት እኔ ነኝ። አወረድኩና ቆምኩ። አስቀምጪው እንጂ፣ በቁምሽ ልታበዪኝ ነው አሉ።

ሂሪንጌ አሁንም አለ። ፍርሃቱም አለ፣ የትም አልሄደም። አባትሽ ምን ይሠራ ነበር ብለው እዚያም ይጠይቁኝ ይሆናል።

ነገ ለወንድሜ ደብዳቤ እጽፋለሁ። አባታችን የክርስትና ስሙ ማን ነበር ብዬ። ወንድሜም ካላወቀው እንጃ። ክርስትና ያነሱት ቄስ በሕይወት ካሉ እንዲጠይቃቸው እጽፍለታለሁ።